ከአልጋ ቁጥር ወደ ሰው አቅም፦ ማርጆሪ ዋረን እና የአረጋውያን ሕክምና ጥራት

መግቢያ

ሆስፒታሎች ሥራቸውን የሚመዝኑት አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ በሚቆጠር ነገር ነው። ስንት አልጋ እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደ ገባ፣ ስንቱ ድኖ እንደ ወጣና ስንቱ እንደ ሞተ ከመዝገብ ላይ ማውጣት አያስቸግርም። በአጣዳፊ ሕመም ተይዞ ለሚገባ ጎልማሳ እነዚህ ቁጥሮች ስለ ሕክምናው ጥራት የሚናገሩት ነገር አለ። የልብ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የዐይን መድከምና የመርሳት ችግር በአንድነት ለተደራረቡባቸው የሰማንያ ዓመት አረጋዊ ግን ድነዋል ወይስ አልዳኑም የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ተነሥተው መቀመጥ፣ ራሳቸውን መመገብ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሰው መመለስ መቻላቸው ከበሽታው ስም የማይተናነስ ክብደት አለው።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬ በአረጋውያን ሕክምና ዘንድ የተለመደ ነው። ከመነሻዎቹ አንዱ በምዕራብ ለንደን፣ አይዝልወርዝ በተባለው አካባቢ የሚገኘው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከሥራው ጋር አብሮ የሚነሣው ስም የእንግሊዛዊቷ ሐኪም የማርጆሪ ዋረን ነው። በብሪታንያ የአረጋውያን ሕክምና እናት እየተባሉ የሚጠሩት እኚህ ሐኪም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያከናወኑት ተግባር ለሕክምና ጥራት ጥናት አንድ ቋሚ ጥያቄ ትቶ አልፏል፤ ይኸውም የአንድ አረጋዊ አልጋ መለቀቁ የመልካም ሕክምና ምልክት የሚሆነው መቼ ነው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን የሚመለከተው በዚህ ጥያቄ በኩል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ማርጆሪ ዊንሰም ዋረን በ1897 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ጠበቃ ነበሩ፤ እርሳቸውም ለቤተሰቡ ከተወለዱት አምስት ሴቶች ልጆች የመጀመሪያዋ ናቸው። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በሴቶች ትምህርት ቀዳሚ ከነበሩት ተቋማት አንዱ በሆነው በሰሜን ለንደን ኮሌጂየት ትምህርት ቤት ነው። በዚያን ዘመን ሴቶችን ለሕክምና ትምህርት የሚቀበል ተቋም ጥቂት ስለ ነበር፣ ከሮያል ፍሪ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ በሚሠራው የለንደን የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1923 በሐኪምነት ተመረቁ።

በ1926 በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል በረዳት ሐኪምነት ተቀጠሩ። በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ዝንባሌያቸው ወደ ቀዶ ሕክምና ነበር። በ1931 የሆስፒታሉ ምክትል የሕክምና ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ። እስከዚህ ድረስ ያለው የሥራ ታሪካቸው አንድ ትጉህ የሆስፒታል ሐኪም የሚያልፍበት መንገድ ነው። ስለ እርጅና የተለየ ጥናት አላደረጉም፤ ሊያደርጉ ቢፈልጉም በአገሪቱ ውስጥ በዚህ ስም የሚታወቅ የሕክምና ዘርፍ አልነበረም። ጄሪያትሪክስ የሚለውን ቃል በ1909 የፈጠሩት በኒው ዮርክ የሚሠሩት ኢግናትስ ናሸር ቢሆኑም፣ ቃሉ በብሪታንያ ሆስፒታሎች ገና ሥር አልሰደደም ነበር።

የድሆች ሕግ ውርስ

የዋረንን ሕይወት የለወጠው የአስተዳደር ለውጥ ነበር። በእንግሊዝ አገር ለዘመናት የቆየው የድሆች ሕግ ደጋፊ የሌላቸውን ሰዎች በየአካባቢው በተሠሩ መጠለያዎች ያሰባስብ ነበር። በእነዚህ መጠለያዎች አጠገብ የሕሙማን ማቆያ ቤቶች ነበሩ። ማቆያዎቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ በሌሎች ሆስፒታሎች ተቀባይነት ባጡ ሰዎች ተሞሉ። ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው የሰነፈ፣ አጥንታቸው ተሰብሮ ሳይጠገን የቀረ፣ አእምሯቸው የደከመ አረጋውያን ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው በሚል አንድ ስም ተጠቃልለው ለዓመታት ይተኙ ነበር። በበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚተዳደሩትና የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑባቸው ትላልቅ ሆስፒታሎች ቶሎ ሊድኑ የሚችሉትን እየመረጡ ስለሚቀበሉ፣ የተማረው ሐኪም እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ሳያይ ሊመረቅ ይችል ነበር።

በ1929 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ እነዚህን ተቋማት ለካውንቲ ምክር ቤቶች አስተላለፈ። በዚሁ መሠረት በ1935 ከዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል አጠገብ የነበረው የድሆች ማቆያ ከሆስፒታሉ ጋር ተቀላቀለ፤ 714 አልጋዎችም በዋረን ኃላፊነት ሥር ወደቁ።

የሰባት መቶ አሥራ አራቱ አልጋዎች

በማቆያው ውስጥ የጠበቃቸው ሁኔታ ለአንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንግዳ ነበር። ሕሙማኑ በሕመማቸው ዓይነት አልተለዩም። አእምሯቸው የተቃወሰና ንቁ አእምሮ ያላቸው፣ ሊሞቱ የተቃረቡና በጥቂት ርዳታ ሊራመዱ የሚችሉ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ለብዙዎቹ ተገቢ ምርመራ አልተደረገም፤ ስለዚህም የሚታወቅ የበሽታ ስም፣ የሕክምና ዕቅድና የመውጫ ተስፋ አልነበራቸውም። አስታማሚዎቹም ቢሆኑ ሥራቸው ማጠብ፣ መመገብና አልጋ ማንጠፍ ብቻ እንዲሆን በመደረጉ ተስፋ ቆርጠዋል።

ዋረን የጀመሩት እያንዳንዱን ሰው በመመርመር ነበር። የሕመሙ ታሪክ ተጠየቀ፣ ሰውነቱ ተፈተሸ፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደተሳነው ተመዘገበ። ከዚህ ምርመራ በኋላ ሕሙማኑን በአምስት ወገን መደቧቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀኑን ሙሉ ወይም በከፊል ከአልጋ መነሣት የሚችሉ ነበሩ። ሁለተኛዎቹ አልጋ ላይ የቀሩ፣ ነገር ግን ሽንትና ሰገራቸውን የሚቆጣጠሩ ናቸው። ሦስተኛዎቹ መቆጣጠር የተሳናቸው ናቸው። አራተኛዎቹ በእርጅና ምክንያት አእምሯቸው የደከመ፣ ሆኖም ሌላውን የማይረብሹ ሲሆኑ፣ አምስተኛዎቹ ከሌሎች ተለይተው መጠበቅ የሚያስፈልጋቸው የመርሳት ሕመምተኞች ነበሩ።

ይህ ምደባ ዛሬ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በጊዜው የነበረው ፋይዳ የሚታየው መለያው ምን እንደ ነበር ሲጤን ነው። አምስቱ ወገኖች የተለዩት በዕድሜ ወይም በበሽታ ስም አልነበረም፤ መነሣት፣ ራስን መቆጣጠርና ማሰብ በሚሉ የዕለት ተዕለት አቅሞች ነበር። እያንዳንዱ ምድብ የተለየ የሰው ኃይል፣ የተለየ ክፍልና የተለየ ግብ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ሥር የሰደደ ሕመም የሚለው ጥቅል ስም ተበትኖ፣ እንክብካቤው ከፍላጎቱ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም ብሎ መጠየቅ የሚቻልበት ሁኔታ ተፈጠረ። ጥራትን ለመለካት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው እርምጃም ይኸው ነው፤ ማን ምን እንደሚያስፈልገው ካልታወቀ የተሰጠው ነገር በቂ መሆን አለመሆኑ ሊታወቅ አይችልም።

ከአልጋ መነሣት

ከምርመራው ቀጥሎ የመጣው ሥራ ክፍሎቹን መለወጥ ነበር። ግድግዳዎቹ በደማቅ ቀለም ተቀቡ፣ መብራቱ ተሻሻለ፣ አሮጌዎቹ አልጋዎች በአዲስ ተተኩ፣ ለየአልጋው ዕቃ ማስቀመጫ ተሰጠ። ቀይ ብርድ ልብስና ጌጥ ያለው የአልጋ ልብስ ገባ። በየመተላለፊያው መደገፊያ ተሠራ፣ ለአረጋዊ የሚመች ወንበር ቀረበ። እነዚህ ነገሮች ለውበት ብቻ የተደረጉ አልነበሩም። መደገፊያ በሌለበት መተላለፊያ ሚዛኑን ያጣ ሰው አይራመድም፤ የሚቀመጥበት ወንበር ያጣ ሰው አልጋው ላይ ይቀራል።

አልጋ ላይ መቅረት ራሱን የቻለ የሕመም ምንጭ መሆኑን ዋረን በየዕለቱ ያዩት ነበር። ለረጅም ጊዜ የተኛ አረጋዊ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ታጥፎ ይደርቃል፣ ጀርባው የአልጋ ቁስል ያወጣል፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ አእምሮው ይደነዝዛል። እርጅና ያመጣው የሚመስለው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የመተኛቱ ውጤት ነበር። ሪቻርድ አሸር የተባሉት የለንደን ሐኪም የአልጋ ዕረፍትን አደጋ በተመለከተ የጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ የወጣው በ1947 ነው፤ በዌስት ሚድልሴክስ ክፍሎች ግን አረጋውያንን የማስነሣቱ ሥራ ከዚያ ቀድሞ ተጀምሯል።

ሥራው በአንድ ሐኪም ጉብኝት የሚያልቅ አልነበረም። ነርሶች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች አንድን ሕመምተኛ በጋራ እንዲያዩ ተደረገ። በስትሮክ የተጎዳ ሰው እግሩ ከመድረቁ በፊት መቆም እንዲለማመድ፣ እግሩ የተቆረጠ አረጋዊ በሰው ሠራሽ እግር መራመድ እንዲማር ዋረን ይተጉ ነበር። ሕመምተኛውም ሆነ አስታማሚው የሚደርስበት ግብ እንዲኖረው ማድረግ እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነገር ነበር።

በጊዜ ሂደት የክፍሉ አልጋዎች ከ714 ወደ 240 ዝቅ አሉ። በሌላ በኩል በአንድ አልጋ የሚታከሙት ሕሙማን ብዛት ሦስት እጥፍ ገደማ አደገ። የተረፉት አልጋዎች ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕክምና ዋሉ። የዋረን ስም በአስተዳዳሪዎች ዘንድ የተሰማው በዚህ ቁጥር ነው፤ የቁጥሩ ትርጉም ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አልጋ የሚለቀቅባቸው ሁለት መንገዶች

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀምር የብሪታንያ መንግሥት ከአየር ድብደባ ብዙ ቁስለኞች እንደሚመጡ ጠብቆ ሆስፒታሎች አልጋ እንዲያስለቅቁ አዘዘ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ብዙ ሕሙማን ተሰናበቱ። ከእነዚህም መካከል ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ይገኙበታል። የሚቀበላቸው ቤተሰብ ይኑር አይኑር፣ መራመድ ይቻላቸው አይቻላቸው የማሰናበቱ መመዘኛ አልነበረም። ከመዝገቡ አንጻር ብቻ ቢታይ ይህም አልጋ የተለቀቀበት ከፍተኛ ውጤት ነው።

ሁለቱን ድርጊቶች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ የዋረንን ሥራ ልክ ያሳያል። በአንደኛው አልጋው የተለቀቀው ሰውየው ተመርምሮ፣ ታክሞና ተለማምዶ መኖሪያው ከታሰበለት በኋላ ነው። በሌላው አልጋው የተለቀቀው ሌላ ሰው ስለሚፈለግበት ነው። በአልጋ ቁጥር ላይ ብቻ የተመሠረተ መለኪያ እነዚህን ሁለቱን መለየት አይችልም። ዋረን ሁሉንም ወደ ቤት የመመለስ ዓላማ አልነበራቸውም፤ በምደባቸው ውስጥ ዘላቂ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው ወገኖች ቦታቸው የታወቀ ነበር። መውጣት የሚችለው እንዲወጣ፣ የማይችለው ደግሞ በክብር እንዲያዝ ማድረግ የአንድ ሥራ ሁለት ገጽታዎች ነበሩ።

ጦርነቱ ባልተጠናቀቀበት በ1943 ዋረን በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል፣ በ1946 ደግሞ በላንሴት መጽሔት ዋና ዋና ሐሳቦቻቸውን አቀረቡ። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር የአረጋውያን ክፍል በጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ መሆን አለበት የሚል ነው። ምክንያቶቻቸውም ግልጽ ነበሩ። ትክክለኛ ምርመራ የራጅና የቤተ ሙከራ አገልግሎት ይፈልጋል፤ ይህም የሚገኘው በጠቅላላ ሆስፒታል ነው። የሕክምናና የነርስነት ተማሪዎች አረጋውያንን የማየት ዕድል ሊያገኙ ይገባል። ስለ እርጅና ሕመሞች ምርምር ማድረግ የሚቻለውም ሕሙማኑ ከተመራማሪዎቹ ዐይን ካልራቁ ነው። ዘርፉ የራሱ የሕክምና ስፔሻሊቲ እንዲሆንና በልዩ ፍላጎት በሚሠሩ ከፍተኛ ሐኪሞች እንዲመራም ጠየቁ።

ማኅበርና የመጨረሻ ዓመታት

ጥሪው ብቸኛ ድምፅ ሆኖ አልቀረም። በኤሴክስ ካውንቲ ሊዮነል ኮሲን፣ በለንደን ትሬቨር ሃወል ተመሳሳይ ሥራ ያካሂዱ ነበር። በ1947 እነዚህ ሐኪሞችና ዋረን ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የአረጋውያን እንክብካቤ የሕክምና ማኅበርን መሠረቱ፤ ሎርድ አሙልሪ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲቋቋም የቀድሞ የድሆች ማቆያዎች ሁሉ ወደ አዲሱ ሥርዓት ገቡ። በእነዚህ ውስጥ የተኙትን አረጋውያን ማን ያክማቸው የሚለው ጥያቄም የአገር ጥያቄ ሆነ። ማኅበሩ በ1959 የብሪታንያ ጄሪያትሪክስ ማኅበር የሚለውን ስም ያዘ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ይታወቃል።

ዋረን በዌስት ሚድልሴክስ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አገለገሉ። ከየአገሩ የሚመጡ ሐኪሞች ክፍሎቻቸውን ይጎበኙ ነበር፤ እርሳቸውም ወደ ውጭ አገር እየተጓዙ ልምዳቸውን አካፈሉ። በ1960 በጀርመን አገር ወደሚካሄድ ስብሰባ ሲጓዙ በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ምክንያት በ62 ዓመታቸው አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጣው መለኪያ

የዋረን ሥራ በዛሬው የምርምር መስፈርት ሲመዘን ውስንነቱ ግልጽ ነው። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ የተከናወነው በአንድ ሆስፒታል ነው፤ ሥራውን ያከናወኑትና ውጤቱን የዘገቡትም አንድ ሰው ናቸው። አልጋ በፍጥነት መለቀቁ ሕሙማኑ ከወጡ በኋላ ምን ያህል ዕድሜ፣ በምን ሁኔታ እንደኖሩ በራሱ አያሳይም።

መሣሪያዎቹ ቀስ በቀስ ተገኙ። በ1963 በሲድኒ ካትዝ የሚመራው ቡድን የዕለት ተዕለት አቅም መለኪያን፣ በ1965 ማሆኒና ባርተል በስማቸው የሚታወቀውን መለኪያ አሳተሙ። ሁለቱም መታጠብን፣ መልበስን፣ መመገብን፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀምንና ሽንት መቆጣጠርን የመሰሉ ተግባራትን ይመዘግባሉ፤ ዋረን ሕሙማናቸውን የለዩበት አቅም በነጥብ የሚገለጽበት መንገድ ማለት ነው። በ1966 አቬዲስ ዶናቤድያን የሕክምና ጥራት በአደረጃጀት፣ በሂደትና በውጤት በኩል ሊመዘን እንደሚችል አስረዱ። በዚህ ማዕቀፍ ሲታይ በዌስት ሚድልሴክስ የተሠራው መደገፊያና ወንበር አደረጃጀት፣ የጋራ ምርመራውና ልምምዱ ሂደት፣ ሰውየው መራመዱና መኖሪያው ውጤት ናቸው።

ወሳኙ ማስረጃ የመጣው በ1984 ነው። ሎረንስ ሩበንስታይንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በሴፑልቬዳ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አረጋውያንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አጠኑ። በቡድን ተመርምረው በልዩ ክፍል ከታከሙት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 23.8 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት የሞቱት 48.3 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ሰፊ ጥናቶች ውጤቱን ይበልጥ በጥንቃቄ አስቀምጠውታል። በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ9 አገሮች 29 ሙከራዎችንና 13,766 ተሳታፊዎችን አጠቃልሎ፣ በዚህ መንገድ የታከሙ አረጋውያን በክትትሉ ወቅት በሕይወትና በገዛ ቤታቸው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ በሞት መጠን ላይ ያለው ልዩነት ግን አነስተኛ ወይም የሌለ መሆኑን አሳይቷል። እዚህ ላይ የተመረጠው መለኪያ ራሱ ትኩረት ይሻል፤ የተቆጠረው የተለቀቀ አልጋ ሳይሆን ሰውየው በሕይወት መኖሩና የሚገኝበት ቦታ ነው።

መለኪያው መሻሻሉ ግን እንክብካቤው ተሻሽሏል ማለት አይደለም። በአሜሪካ የራንድ ተመራማሪዎች ለተጋላጭ አረጋውያን ባዘጋጁት የጥራት መመዘኛ መሠረት በ2003 ያወጡት ጥናት፣ ሊሰጥ ከሚገባው እንክብካቤ የተሰጠው 55 በመቶ ብቻ መሆኑን አመልክቷል። ለአጠቃላይ የሕክምና ችግሮች መጠኑ 52 በመቶ ሲሆን፣ መውደቅን፣ ሽንት አለመቆጣጠርንና የመርሳት ችግርን በመሰሉ የእርጅና ችግሮች ረገድ ወደ 31 በመቶ ይወርዳል። በጣም የተዘነጉት በ1935 ዋረን ሕሙማኑን ከለዩባቸው ችግሮች ጋር የሚቀራረቡ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ማጠቃለያ

ማርጆሪ ዋረን ለሕክምና ዓለም የተዉት አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ የቀዶ ሕክምና ዘዴ አይደለም። ማንም ያልመረመራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ መርምረው፣ የሚችሉትንና የተሳናቸውን ለይተው፣ እንክብካቤውን በዚያ ልክ አደራጁ። ይህን ሲያደርጉ ተስፋ የለውም ተብሎ የተተወው ጉዳት ከፊሉ ሊቀለበስ የሚችል መሆኑ ታየ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት መለኪያዎች ይህንኑ ልምድ ወደ ነጥብና ወደ መቶኛ ለወጡት።

የሆስፒታል አልጋ ውድ በሆነበት ቦታ ሁሉ አረጋዊውን ቶሎ የማሰናበት ግፊት ይኖራል፤ የአልጋ ቁጥርም ለአስተዳዳሪው የሚቀርበው መለኪያ ሆኖ ይቀጥላል። ከ714 ወደ 240 የተደረገው ጉዞ የሚያስተምረው ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ሦስት ጥያቄዎች አብረውት ሲመለሱ መሆኑን ነው። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ተመርምሯል ወይ? ሲገባ ያልቻለውን ምን ማድረግ ይችላል? የሄደበት ቦታ ለአቅሙ ተስማሚ ነው ወይ? እነዚህ ያልተመዘገቡበት ሪፖርት የ1939ኙን ስንብት ከዋረን ሥራ ለይቶ ማሳየት አይችልም።